የተወሰደው አማና ይመለስ! ፍርድ ቤት የማዘዝ ስልጣን አለው

የካቲት 2005



ጥር 28 ቀን 2005 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም ከታየ ወዲህ በየመስጂዱ ከሶላት በኋላ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ከመራዊ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ እስከ ገጠሩ ጀመዓ ድረስ የሚነሳው ይህ ጥያቄ «በምርመራ ስም ከወንድሞቻችን እጅ የተወሰደው ወረቀት፣ ስልክ፣ ምስልና ቃል በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሊመለስ ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለን ጉዳዩን እንተወዋለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ፖሊስ የወሰደውን ማን ያስመልሳል?» ብለን ዝም እንላለን።

እኛ በዚህ ጽሁፍ የምንለው ግልጽ ነው። ፍርድ ቤት ማዘዝ ይችላል። ማዘዝም አለበት። እኛም በሰላማዊ መንገድ፣ በጽሁፍ፣ በስርዓቱ ልንጠይቅ ይገባል። ይህን የምንለው ስሜት ገፍቶን ሳይሆን ዲናችንም የአገራችን ህግም ስለሚደግፈን ነው።

መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። የመፍትሄ አፈላላጊ ኮሚቴያችን አባላት ከሐምሌ 2004 አጋማሽ ጀምሮ ታሰሩ። የያዙት ጥያቄ ሦስት ነበር፦ የአወሊያ ተቋም ለህዝበ ሙስሊሙ በሚታመን አመራር ይተዳደር፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይካሄድ፣ የአህባሽ አስተምህሮ በግዴታ አይጫንብን። በዚያው ወር የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት ዋና አዘጋጅ ጋዜጠኛ ዩሱፍ ጌታቸው ቤቱ ተበረበረ፤ ስልኮቹ፣ መጻሕፍቱና ካሜራ ተወሰዱ፤ እርሱም ታሰረ። ጥቅምት 19 ቀን 2005 በ29 ተከሳሾች ላይ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ክስ ተመሰረተ። ችሎቱ ከጥር ወር ጀምሮ ለህዝብ ተዘጋ። እኛ ወደ ችሎቱ ገብተን እንዳንሰማ በሩ በተዘጋበት በዚያው ወር፣ ወንድሞቻችን በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጸ ምስል ለመላው አገር በቴሌቪዥን ታየ። ጠበቆቻቸው አስቀድመው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመልክተው የእግድ ትዕዛዝ አግኝተው ነበር። ፊልሙ ግን ታየ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ለምርመራ ተብሎ የተወሰደ ነገር ለሌላ ዓላማ ሲውል በዓይናችን አይተናል። ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤት «አቁሙ» ብሎ ማዘዝ እንደሚችልም አይተናል። ትዕዛዙ አለመከበሩ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ራሱ ፍርድ ቤቱ መልሶታል። መንግስት በእጁ ባስገባው ማስረጃ ላይ «ይህን አታድርግ» የማለት ስልጣን ካለው፣ «ይህን ለባለቤቱ መልስ» የማለት ስልጣንም አለው።

ዲናችን ስለዚህ ነገር ምን ያስተምረናል? ቁርአን አማናን ለባለቤቱ መመለስን ያዛል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱባት ሌሊት ዐሊን (ረ.ዐ) ከኋላቸው ያስቀሩት ለምን እንደነበር ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። የመካ ሰዎች እርሳቸው ዘንድ ያስቀመጡት ንብረት ነበር፤ ለየባለቤቱ እንዲመለስ ነው። እነዚያ ሰዎች ሊገድሏቸው የዶለቱ ነበሩ። ጠላትነታቸው ግን አማናቸውን አላስቀረባቸውም። እንግዲህ ለሊቀ ጠላት የተመለሰ አማና ካለ፣ መንግስት ከገዛ ዜጋው የወሰደውን ወረቀት ጉዳዩ ሲያበቃ አልመልስም የሚልበት ምን ምክንያት ይኖረዋል?

ቁርአን ደግሞ ወደ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባትን ይከለክላል፤ የሰውን ገመና መሰለልንም ይከለክላል። በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ታሪክ የሚነገር አንድ ነገር አለ። በሌሊት ከአንድ ቤት ድምጽ ሰምተው በአጥር ዘለው ገቡ፤ ሰውየውንም በጥፋት ላይ አገኙት። ሰውየው ግን «እኔ አንድ ባጠፋ አንተ ሦስት አጥፍተሃል፤ ሰልለሃል፣ በበር አልገባህም፣ ሳታስፈቅድ ገብተሃል» አላቸው። ዑመርም ትተውት ወጡ። የሙስሊሞች መሪ፣ የፈለጉትን ማድረግ የሚችሉ ሰው፣ በተሳሳተ መንገድ ያገኙትን ማስረጃ ጥለው ወጡ። ሰውየው ንጹህ ስለነበር አልነበረም። መንገዱ የተበላሸ ስለነበር ነው። ይህ ለእኛ ተራ ተረት አይደለም፤ ስልጣን ላለው ሁሉ ትምህርት ነው።

ወደ አገራችን ህግ እንምጣ። ማስረጃ ከሰው እጅ የሚወሰድበት መንገድ በዋናነት ሦስት ነው። ልዩነታቸውን ካላወቅን ምን መጠየቅ እንዳለብንም አናውቅም።

የመጀመሪያው የብርበራ ማዘዣ ነው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርዓት ህግ በአንቀጽ 33 እንደሚደነግገው ማዘዣውን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ማዘዣው የሚፈለገውን ነገር ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፖሊስ በማዘዣው ላይ ከተጠቀሰው ውጭ ሌላ ንብረት መውሰድ አይችልም። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የተወሰደው ነገር ዝርዝር ይጻፋል፤ በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ያለ ማዘዣ የሚደረግ ብርበራም በህጉ ይታወቃል፤ ነገር ግን በጠባብና በተለየ ሁኔታ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፍርድ ቤት ራሱ ማስረጃ የሚያስቀርብበት መንገድ ነው። አንድ ሰው ወይም መስሪያ ቤት ሰነድ ይዞ እንዲቀርብ መጥሪያ ይደርሰዋል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ስነ ስርዓት ህግ ቁጥር 145 መሰረትም ፍርድ ቤት መዝገብን ከሌላ ፍርድ ቤት ወይም ከመንግስት መስሪያ ቤት ማስቀረብ ይችላል። በመሬት፣ በውርስና በፍቺ ክርክር ላይ ያለፈ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እዚህ ላይ ሰነዱ የመጣው በፍርድ ቤቱ ቃል ስለሆነ የሚመለሰውም በፍርድ ቤቱ ቃል እንደሆነ ማንም አይከራከርም። ፍርድ ቤቱ ባለአደራ ነው።

ሦስተኛው ግን እኛን ያሳሰበን ነው። በነሐሴ 2001 የወጣውና በ2005 በስራ ላይ የነበረው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአንቀጽ 22 ፖሊስ ከማንኛውም የመንግስት መስሪያ ቤት፣ ከባንክ፣ ከግል ድርጅት ወይም ከግለሰብ ለሽብር ምርመራ ይጠቅማል ብሎ በምክንያት የሚያምንበትን መረጃ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። የተጠየቀውም የመስጠት ግዴታ ተጥሎበት ነበር። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ዳኛ አልነበረም። ማዘዣ አልነበረም። የሚወሰደው ነገር ተለይቶ ይጻፍ የሚል አልነበረም። መቼ እንደሚመለስም አልተጻፈም። በአንቀጽ 23 ደግሞ ምንጩ ያልተገለጸ የመረጃ ሪፖርት ሳይቀር በማስረጃነት ተቀባይነት እንዲኖረው ተደርጎ ነበር። በአንድ በኩል ያለ ዳኛ ይወሰድ ነበር፤ በሌላ በኩል ከየት እንደመጣ ሳይነገር በዳኛ ፊት ይቀርብ ነበር።

«ዳኛ ያላዘዘውን ዳኛ እንዴት ያስመልሳል?» የሚል ክርክር የሚመጣው ከዚህ ነው። ክርክሩ ሲሰሙት ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ተገልብጦ ነው የቆመው። ዳኛ ያዘዘው ብርበራ ቢያንስ አንድ ጊዜ በዳኛ ዓይን ታይቷል። ያለ ዳኛ የተወሰደ ነገር ግን ከነጭራሹ አልታየም። ቁጥጥር የሚያስፈልገው የትኛው ነው? ከመወሰዱ በፊት ዳኛ ካላየው፣ ከተወሰደ በኋላ ማየት አለበት። አለበለዚያ ማንም አላየውም ማለት ነው።

የ1987ቱ ህገ መንግስትም የሚለው ይህንኑ ነው። አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር፣ በይዞታው ያለ ንብረቱም ከመያዝ እንዲጠበቅ መብት ይሰጠዋል። ማስታወሻዎቹና ደብዳቤዎቹ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚያደርጋቸው ግንኙነቶች አይደፈሩም ይላል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ህግ ብቻ ነው። አንቀጽ 13 ፍርድ ቤቶችን ጨምሮ በየደረጃው ያሉ የመንግስት አካላት እነዚህን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 9 ደግሞ ከህገ መንግስቱ ጋር የሚቃረን ህግ፣ ልማዳዊ አሰራር ወይም የባለስልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደሌለው ይናገራል። የፀረ ሽብር አዋጁ «ስጡ» ይል ነበር፤ «ከሰጣችሁ በኋላ ፍርድ ቤት አትሂዱ» አይልም ነበር። ቢልም ኖሮ አንቀጽ 37ን ሊሽር አይችልም ነበር።

ሌላው የሚነሳ ክርክር «ወረቀቱ አንዴ ተነቧል፤ ተገልብጧል፤ ቢመለስ ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የተነሳ አይደለም። በአሜሪካ ሳይንቶሎጂ የሚባል ቡድን መሪዎች ከጠበቆቻቸው ጋር ያደረጉት ንግግር የተቀዳባቸው ሁለት ካሴቶች ነበሩ። የግብር መስሪያ ቤቱ በመጥሪያ ጠየቃቸው። ቡድኑ ይግባኝ እያለ ሳለ ካሴቶቹ ተላልፈው ተሰጡ። የይግባኙ ፍርድ ቤት «ነገሩ አልፏል፤ ከዚህ በኋላ የምንወስነው የለም» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ። ዳኞቹ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ ድምጽ የይግባኙን ፍርድ ቤት ውሳኔ ሻሩት። የተናገሩት ነገር ቀላል ነው፦ የሆነውን ፈጽሞ እንዳልሆነ ማድረግ አንችል ይሆናል፤ ነገር ግን መንግስት በእጁ ያለውን ቅጂ እንዲመልስ ወይም እንዲያጠፋ ማዘዝ እንችላለን፤ ይህም ጥቅም ያለው መፍትሄ ነው። የዚያ ቡድን እምነት ከእኛ እምነት ጋር ምንም አያገናኘውም። የህጉ ነጥብ ግን ለሁሉም ሰው ነው። ጉዳት ሙሉ በሙሉ ስላልተካሰ ጨርሶ አይካስ አይባልም። ሌባ የሰረቀውን በግ ግማሹን ቢበላው የቀረው ግማሽ አይመለስ የሚል ዳኛ የለም።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ተፈርዷል። በእንግሊዝ አገር አንዱ በ11 ዓመቱ ተከሶ በነጻ የተለቀቀ፣ ሌላው ክሱ የተቋረጠለት ሁለት ሰዎች ፖሊስ የወሰደው የጣት አሻራቸውና የዘር ናሙናቸው እንዲጠፋላቸው ጠየቁ፤ ፖሊስ እምቢ አለ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2008 በ17 ዳኞች ሙሉ ድምጽ ፈረደላቸው። ጥፋተኛ ካልተባለ ሰው የተወሰደን ነገር ያለገደብ መያዝ የግል ህይወትን መድፈር ነው ተባለ። በአሜሪካም «ካይንድ ሃርትስ» የተባለ የሙስሊሞች የበጎ አድራጎት ድርጅት በሽብር ምርመራ ስም ንብረቱ ከታገደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የፌዴራል ዳኛ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የተደረገው እገዳ የአገሪቱን ህገ መንግስት እንደሚጥስ ወስኗል። «ሽብር» የሚለው ቃል የፍርድ ቤትን በር የሚዘጋ ቁልፍ አይደለም።

በሌላ ወገን ያለውን ክርክርም በቅንነት እንየው። «ወንጀልን የሚመረምር አካል ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ የተወሰደው ሁሉ ወዲያው ይመለስ ከተባለ ጥፋተኛ ያመልጣል» ይባላል። እውነት አለበት። በክስ መዝገብ ላይ በኤግዚቢትነት የተመዘገበ ነገር ፍርዱ እስኪያልቅ ድረስ በፍርድ ቤቱ እጅ ቢቆይ አንቃወምም። ይልቁንም ተከሳሹም ለመከላከያው ሊፈልገው ይችላል። እኛ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። ከጉዳዩ ጋር የማይገናኘው ይመለስ። ቅጂው በቂ በሚሆንበት ቦታ ዋናው ለባለቤቱ ይመለስ። በስርዓቱ ያልተወሰደው ማስረጃ ሆኖ አይቅረብ፤ ቅጂውም ይጥፋ። ለምርመራ የተወሰደው ለቴሌቪዥን አይዋል። ከእነዚህ አራቱ አንዱ እንኳ ምርመራን አያደናቅፍም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚከተለው ነው። «ፍርድ ቤት ቢያዝስ ማን ይሰማዋል? የጥር 28ቱ እግድ ምን ሆነ?» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ይህን ጥያቄ በዋዛ አናልፈውም። ትዕዛዙ ተጥሷል። የታየውን ምስል ከህዝብ ዓይን መልሶ የሚያወጣ ፍርድ የለም፤ የተሰደበ ስምም በአንድ ወረቀት አይጠራም። ይሁን እንጂ ትዕዛዙ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ምን እንል ነበር? «አልተስማማንም» ከማለት ያለፈ ቃል አይኖረንም ነበር። አሁን ግን «የአገሪቱ ፍርድ ቤት ከልክሎ ነበር፤ እናንተ ጣሳችሁ» ማለት እንችላለን። ህግ የጣሰው ማን እንደሆነ በመዝገብ ላይ ሰፍሯል። ለአንድ ዓመት ያህል «ህገ ወጥ» እየተባልን ስንሰደብ ቆይተን፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ፊት ህግ አክባሪውና ህግ ጣሹ ተለይተዋል። የፍርድ ቤት ወረቀት እንደ ምስክር ነው። ምስክር ዛሬ ባይሰማ ነገ ይጠራል። ስለዚህ ትዕዛዝ አልተከበረም ብለን ትዕዛዝ መጠየቅ ብናቆም የሚጠቀመው የጣሰው ወገን ብቻ ነው።

ውድ የምዕራብ ጎጃም ጀመዓዎች! «ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ቆም ብሎ ያስብ። በጎጃም ሙስሊሙ ለዘመናት ርስት ሳይኖረው በሽመናና በንግድ ኖሯል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ሙስሊሙና አብሮት የወጣው ክርስቲያን ወገኑ ለእኩልነት ሰልፍ ወጡ። በየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ወጣ፤ አያቶቻችንም የሚያርሱት መሬት ባለይዞታ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ መብታችን የቆመው በምን ላይ ነው? በወረቀት ላይ ነው። የመስጂዱ ይዞታ ማረጋገጫ፣ የመቃብር ቦታችን የተፈቀደበት ደብዳቤ፣ የወቅፍ ሱቅ የኪራይ ውል፣ የዘካና የሰደቃ ደረሰኝ፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ የመድረሳው ተማሪዎች መዝገብ። በአንዲት ትንሽ የገጠር መስጂድ ይህ ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ሳጥኑ «ለምርመራ» ተብሎ ቢወሰድ የሚጠፋው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ነገ አጥሩን የሚገፋ ሰው ሲመጣ የምንከላከልበት ማስረጃ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ ስማቸው ያለ ወላጆችና ልጆችም አሉ። እነርሱ ምንም አላጠፉም፤ ስማቸው ግን የማያውቁት ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ሌላም ችግር አለ። የሽብር ጉዳይን የማየት ስልጣን በአዋጁ የተሰጠው ለፌዴራል ፍርድ ቤት ነበር። የሜጫ ገበሬ ለመሬቱ ጉዳይ መራዊ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ቢበዛ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይወጣል። የመስጂዱ ሳጥን በሽብር ስም ከተወሰደ ግን አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መዝለቅ ሊጠበቅበት ነው። የማን ስንቅ፣ የማን አበል ይበቃዋል? ስለዚህ የምንጠይቀው፣ የተወሰደ ነገር ይመለስልኝ የሚል አቤቱታ ነገሩ በተወሰደበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ይታይ ነው። የማይደረስበት መብት ከሌለ መብት አይለይም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ትግላችን ሰላማዊ ነው፤ በዚህም ጉዳይ ሰላማዊ ሆኖ ይቀጥላል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የመስጂድ ኮሚቴ ያለውን ሰነድ ዛሬውኑ ይዘርዝር። የሰነዱ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ የተጻፈበት ቀንና የገጹ ብዛት ይጻፍ። የእያንዳንዱ ሰነድ ኮፒ ይነሳና ከመስጂዱ ውጭ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ። ዝርዝር የሌለው ሰው «ይህ ተወስዶብኛል» ብሎ ማስረዳት አይችልም። ቁርአን ብድርን እንኳ በጽሁፍ እንድንይዝ፣ ምስክር እንድናቆም ያዘዘን ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ለብርበራ የመጣ ካለ በአክብሮት ማዘዣውን እንጠይቅ። የማን መስጂድ ወይም ቤት እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈለግ፣ ቀኑንና የፍርድ ቤቱን ማህተም እናንብብ። የምንጠየቀው በደብዳቤ ከሆነ የደብዳቤውን ቅጂ እንያዝ። በቃል ብቻ የተጠየቅን ከሆነ በጽሁፍ ይሁንልን እንበል። እምቢ ከተባልን ግን በጉልበት አንከላከል። አንሸሽግ፤ አናቃጥል። ማስረጃ ማጥፋት ወንጀል ነው፤ እውነት ከእኛ ጋር ስለሆነች የምንደብቀው ነገርም የለንም።

ሦስተኛ፣ የሚወሰደው ነገር አንድ በአንድ ይመዝገብ፤ የወሰደውም ይፈርም። የቀበሌ ሽማግሌ ወይም ጎረቤት ክርስቲያን ወንድማችን በታዛቢነት ቢገኝና ቢፈርም ይበልጥ መልካም ነው። በጎጃም አብረን የኖርን ጎረቤቶች ነን፤ በሐዘንና በሠርግ የምንጠራራ ሰዎች በዚህም ቀን እንጠራራ።

አራተኛ፣ ከተወሰደ በኋላ ዝም አንበል። መጀመሪያ ለወሰደው መስሪያ ቤት ይመለስልን የሚል ማመልከቻ እንስጥ፤ የገቢ ደብዳቤ ቁጥር እንያዝ። መልስ ከጠፋ ለፍርድ ቤት አቤቱታ እናቅርብ። በአቤቱታው ላይ የተወሰደውን ዝርዝር፣ የተወሰደበትን ቀንና መንገድ፣ የህገ መንግስቱን አንቀጽ 26ና 37 እንጥቀስ። የምንጠይቀውንም ለይተን እንጻፍ፦ ዋናው ይመለስ፣ ቅጂው ይጥፋ ወይም ታሽጎ ይቀመጥ፣ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ይታገድ። ዳኛው ቢቀበል አልሐምዱሊላህ፤ ባይቀበል ምክንያቱን በጽሁፍ እንዲሰጠን እንጠይቅና ይግባኝ እንበል። ቢያንስ አቤቱታችን በመዝገብ ይቀራል።

አምስተኛ፣ በየጀመዓው ያላችሁ የህግ ባለሙያዎች፣ የፍርድ ቤት ሰራተኞችና መምህራን ለገጠሩ ወገናችሁ አቤቱታ በመጻፍ አግዙ። ገበሬው ጉዳዩን ያውቃል፤ የሚያጣው የሚጽፍለት ሰው ነው። ይህ ከሰደቃ ይቆጠራል፣ ኢንሻአላህ።

ለዳኞችም የምንለው አለን። ህገ መንግስቱ በአንቀጽ 79 ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ ናችሁ ብሏችኋል። በእናንተ ፊት የሚቆመው ሙስሊም ምህረት አይለምንም፤ የወሰዱበትን እንዲመልሱለት ነው የሚጠይቀው። በእግዱ ቀን ትክክለኛውን ቃል ተናግራችኋል። ያ ቃል እንዲከበር ማድረግም የእናንተ ስራ ነው። ፍርድ ቤት ትዕዛዙ ሲጣስ ዝም ካለ ሁለተኛው ትዕዛዝ ከመጀመሪያው ይልቅ ይቀልላል፤ ሦስተኛው ደግሞ አይጠየቅም። ያን ጊዜ የሚጎዳው ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። ነገ መሬቱን የተነጠቀ ክርስቲያን ገበሬም፣ ሱቁ የታሸገበት ነጋዴም ወደዚያው ችሎት ነው የሚመጣው።

ለመንግስትም እንላለን፦ የያዛችሁት የእኛ አማና ነው። ወረቀታችን፣ ቃላችን፣ ምስላችንና ስማችን የእኛ ነው። ወንጀል አለ ካላችሁ በአደባባይ ችሎት፣ ህዝብ እየሰማ አሳዩን። ከሌለ መልሱልን። ወንድሞቻችንንም መልሱልን። የተወሰደብን ትልቁ አማና እነርሱ ናቸውና።

አላህ የታሰሩትን ያስፈታልን፤ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጥልን፤ ከየቤቱና ከየመስጂዱ የወጣውን ሐቅ ለባለቤቱ ይመልስልን። አሚን!

ትግላችን በሰላማዊ መንገድ ይቀጥላል፣ ኢንሻአላህ!
ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!